እትዬ ዘነበች ሳይተኙበት የተሸጠው አልጋ

የእትዬ ዘነበችን ማረፍ የነገሩኝ የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ታምሩ ናቸው። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ፣ «ሲሳይ፣ እትዬ እኮ አልጋቸውን ለቀቁ» አሉኝ።

«ጎሽ! ዕድሜያቸውም ገፍቷል፤ ይረፉ እንጂ» አልኳቸው። ሥራውን ለልጃቸው ለዳግም ያስረከቡ መስሎኝ ነው።

ጋሽ ታምሩ ድምፃቸው ስብር ብሎ፣ «አርፈዋል እኮ ነው የምልህ» አሉ።

ቤቴል፣ ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል። ግን አንዱ ጎንበስ ብሎ «ያን ቀን እትዬ…» ብሎ ሲጀምር፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጋቢውን ወደ አፉ ይስባል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ ለሚያየው ስቅስቅ ብሎ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። እኔም ሁለት ሦስቴ እንደዚያ አልቅሻለሁ።

እትዬ ዘነበች የሆስፒታል አልጋ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ፋብሪካ ስል ጭስ የሚተፋ ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። ከአየር ጤና ዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ግቢ ነው። የታካሚ አልጋ፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ ክራንች፣ አልፎ አልፎም ዊልቸር ይሠራበታል። ወላጆቻቸው ከወልቂጤ በኩል መጥተው ኮልፌ የከተሙ ነጋዴዎች ነበሩ። እሳቸውም እዚያው ተወልደው አድገው፣ ጋሼ ተክሌን አግብተው፣ ለብዙ ዘመን የቤት አልጋ ሲያሠሩ ኖረዋል። ጋሼ ተክሌ ይበይዳሉ፤ እትዬ ይናገራሉ። የሥራ ክፍፍሉ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም።

እኔ የተቀጠርኩት «የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ» ተብዬ ነው። በሥሬ ማንም የለም፤ በላዬ ግን ሁሉም ነበር። ያኔ በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ በቀይ ቀለም «ዘነበች አልጋ» ይላል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚያመለክት ትልቅ ቀስት አለ። መዘዙ ያ ቀስት ነው። የሚኒባስ ወያላዎች ሳይቀሩ «ዘነበች አልጋ ጋ ወራጅ አለ?» ብለው ሲጮሁ፣ ለመውረድ የተዘጋጀው ተሳፋሪ በሰው ዓይን ተሸማቆ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ይሄዳል።

በተቀጠርኩ ሰሞን አንድ ጎልማሳ ሰውዬና አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ በጠራራ ፀሐይ ገቡ።

«አልጋ አለ?» አለ ሰውየው፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሞልቶ! ግቡ ግቡ!» አሉ እትዬ። «ለማን ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። «ለኛ» አለ ቀስ ብሎ።

«ውይ በሞትኩት! ሁለታችሁም ናችሁ የታመማችሁት?»

«ኧረ ማንም አልታመመም።»

«ታዲያ ለመቼ ነው የምትፈልጉት?»

«አሁን።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «አሁን እንኳ ያለቀልኝ አንድ ብቻ ነው። ኑ ላሳያችሁ» አሉና ወደ ሥራ ቦታው ይዘዋቸው ገቡ። በያጆቹ ሁሉ መከላከያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። እትዬ ማዞሪያውን ጨብጠው ማስረዳት ጀመሩ። «ይሄ ራስጌውን እንዲህ ብድግ ያደርገዋል። ይሄኛው ደግሞ ጉልበትን ያነሳል። ግራና ቀኙ መከላከያ ስላለው ሰው ቢንፈራገጥ እንኳ አይወድቅም።»

ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ፣ «እትዬ፣ እኛ እንኳ ይህን ያህል የተራቀቀ አልፈለግንም ነበር» አለ። ልጅቷ ይህን ጊዜ በሩ ጋ ደርሳለች።

እትዬ ነገሩ የገባቸው የበያጆቹን ሳቅ ሲሰሙ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙና ወደ በሩ ሮጡ። እንዴት አድርገው ያባርሯቸው ይሆን ብለን ስንጠብቅ፣ «ልጆቼ! ተጋቡና ኑ! የቤት አልጋ በትዕዛዝ እሠራላችኋለሁ!» ብለው አየር ጤናን አናወጡት።

ታፔላው የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ዳግም በአስተዳደር ተመርቆ የወጣ፣ ቀና፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው። ሠራተኞቹ በሌለበት «አልጋ ወራሽ» ይሉታል። የእናትና የአባቱን ስም አሳጥሮ ድርጅቱን «ዜድ ቲ ሜዲካል» አለው። እትዬ አዲሱን ታፔላ አንጋጠው ሲያዩ ቆዩና፣ «የባጃጅ ታርጋ ነው የሚመስለው» አሉ። ቢሆንም አልከለከሉትም። ልጃቸውን ሰው ፊት አያሳፍሩትም ነበር፤ የሚሰድቡት ለብቻው ጠርተው ነው።

የእትዬ ዋናው ነገር ግን መተኛታቸው ነው። አልጋ ተሠርቶ ሲያልቅ ሳይተኙበት ከግቢው አይወጣም። ጫማቸውን አውልቀው ይወጡና በጀርባቸው፣ በጎናቸው፣ በሆዳቸው ይገላበጣሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ሲጢጥ አለ። ከእግርጌው በኩል ነው» ይላሉ። ጋሼ ተክሌ ምንም ሳይመልሱ መፍቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እትዬ ደመወዝ የሚፈርሙት ተኝተው ነው፤ ስብሰባ የሚመሩትም ተኝተው ነው። «ቆሞ ላየው ሰው አልጋ ሁሉ አንድ ነው» የምትል አባባል ነበረቻቸው። አንዴ የባንክ ሰዎች ፋብሪካውን ሊጎበኙ መጥተው፣ እትዬ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሲያዳምጡ አገኟቸው። የቡድኑ መሪ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ነፍስ ይማር። መቼ ነው?» አለኝ። እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ዝም በሉ፣ እየሰማሁ ነው!» ሲሉ ሰውየው የት እንደገባ አላየሁም።

ዳግም ታዲያ አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶ፣ «የምሥረታ በዓላችንን ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው አዲሱ መጋዘናችን ልናከብር ነው። የድርጅቱ ታሪክ በአማረ ቋንቋ ተጽፎ እንዲታተም እፈልጋለሁ» አለኝ። በበዓሉ ላይ አቶ መኮንን የሚባሉ ሰው የክብር እንግዳ ናቸው። እሳቸው የሚመሩት የግዥ ኮሚቴ ለአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት እጅግ ብዙ አልጋ ሊገዛ ጨረታ አውጥቷል። ያን ጨረታ ካሸነፍን አዲሱ መጋዘን ሥራ ያገኛል፤ ካልሆነ ግን ቀኑን ሙሉ የዳግምን የእግር ኮቴ እያስተጋባ ይቀራል።

«ድርጅቱ እንዴት ተጀመረ?» ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። በሌላ ቀን ስጠይቃቸው ሌላ ነገሩኝ። ለካስ የምሥረታው ታሪክ እንደ እንግዳው ይለያያል። ለባንክ ሰዎች «ገበያውን አጥንተን ክፍተት አየን» ይላሉ። ለማኅበራቸው ሴቶች «በሕልሜ ነጭ አልጋ ታየኝ» ነው። ከውጭ አገር ለመጡ ጎብኚዎች ደግሞ «ሴቶች በብረት ሥራ እንዲሠማሩ ስል» ይላሉ፤ በግቢው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያለችው ሴት ግን ምግብ አብሳያችን ብቻ ነበረች።

«እትዬ፣ የትኛው ነው እውነቱ?»

«ሁሉም ለሰሚው ልክ ነው» አሉኝ።

ጋሼ ተክሌን ልሞክር ብዬ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥያቄዬን ሲሰሙ በጉርሻቸው መሐል ቆም አሉ።

«ላንተ የትኛውን ነገረችህ?»

«ሦስቱንም።»

ጋሼ ተክሌ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እንግዲያው አራተኛውን እኔ ልንገርህ» አሉ።

ድሮ፣ የቤት አልጋ ብቻ በሚሠሩበት ዘመን፣ በሰፈሩ ያለ አንድ ክሊኒክ የታካሚ አልጋ ሥሩልን ብሎ አዘዛቸው። የታካሚ አልጋ ሠርተው አያውቁም። የቤት አልጋውን ወገቡ ላይ ቆርጠው፣ የበር ማጠፊያ በይደውበት አስረከቡ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ተክሌን ትርፍ አንጀት ያዛቸውና እዚያው ክሊኒክ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሲነቁ የተኙበትን አልጋ አዩት፤ የገዛ ብየዳቸው ነው። ያንን ለእትዬ በዓይናቸው ሊጠቁሙ ሲሞክሩ ነርሷ ራስጌውን ከፍ አደረገችው። ማጠፊያው ተገነጠለና ጋሼ ተክሌ ከነስፌታቸው ወደ ኋላ ወረዱ።

«ነርሷ በጣም ደነገጠች» አሉ ጋሼ ተክሌ። «‹ይህን አልጋ የሠራ ሰው እጁ ይሰበር!› አለች። ዘነበች አጠገቧ ቆማለች። ምን ትበል? ‹አሜን› አለች።»

«አሜን አሉ?»

«ጮክ ብላ ነዋ! እጄ እዚያው አልጋው ላይ ተዘርግቶ እያየሁት።»

እትዬ በማግስቱ ጋሪ ተከራይተው ሄደው፣ ለክሊኒኩ የሸጧቸውን አልጋዎች በሙሉ አስጭነው ተመለሱ። ባለቤታቸው ከክሊኒኩ ሳይወጡ አልጋዎቹ ወጡ። ጋሼ ተክሌ ድነው ሲመለሱ፣ «እንግዲህ ወይ የሆስፒታል አልጋ መሥራት እንማራለን፣ ወይ ሁለተኛ አንነካውም። እኔ ግን ሳልተኛበት የሚወጣ አልጋ የለም» አሏቸው። ድርጅቱ የተመሠረተው እንዲህ ነው።

ይህን ይዤ እትዬ ጋ ስሄድ አዲስ አልጋ ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር። «ተክሌ አፉን ከፈተ?» አሉ። ተነስተው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንደዚያ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም። «ቆይ እስቲ። ልጁ ይስማውና ይወስን» አሉኝ።

ዳግም ሰማውና ራሱን ያዘ። «ሲሳይ፣ ታሪካችን የሚጀምረው የገዛ አባቴን በመጣል ነው ብለህ ልትጽፍ ነው? ማን ይገዛናል?» አለ። ስለዚህ የታተመው መጽሔት «ዜድ ቲ ሜዲካል በረጅም ጥናትና ምርምር የተመሠረተ…» ብሎ የሚጀምር ሆነ። እትዬ አነበቡት። «ይሄ ምርምር ሲደረግ እኔ የት ሄጄ ነው?» አሉና አስቀመጡት።

በዓሉ ደረሰ። ዓለም ባንክ ያለው መጋዘን በሪባን አጊጧል፤ ቪዲዮ አንሺ ተቀጥሯል። አቶ መኮንን ደልደል ያሉ፣ ኮታቸው ከነቁልፉ የሚያስከብር ሰው ናቸው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። መሐል ላይ አዲሱ ሞዴል አልጋ ነጭ አንሶላ ለብሷል። እትዬ ተኝተው ሊያሳዩ ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ ዳግም ጆሯቸው ላይ፣ «እማ፣ ዛሬ እንኳ ተይ። የክብር እንግዳው ቢሞክሩት ነው የሚያምረው» አላቸው። እትዬ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

አቶ መኮንን ፈገግ እያሉ ተኙ። ዳግም በአንድ እጁ ማይክራፎን፣ በሌላው ማዞሪያውን ይዞ፣ «ራስጌው ያለ አንዳች ድካም ይነሳል» አለ፤ ተነሳ። «የጉልበቱም እንዲሁ» አለ፤ ተነሳ። ሊያወርደው ሲያዞር ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አልጋው በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ መሄዱን ቀጠለ። የአቶ መኮንን ጉልበት ወደ ደረታቸው፣ ራሳቸው ወደ ጉልበታቸው ቀረበ። በመጨረሻ እንደ ሳምቡሳ ተጣጥፈው ቀሩ፤ ከመሐል የሚታየው ክራቫታቸውና የጫማቸው ሶል ብቻ ነው።

ዳግም ደንግጦ ንግግሩን ማቆም አቃተው። «አሁን ደግሞ የክብር እንግዳችን ስለ ምቾቱ ጥቂት ቃል ይሰጡናል» አለና ማይክራፎኑን በስንጥቁ አስገባላቸው።

«አውርዱኝ» የሚለው የአቶ መኮንን ድምፅ በማጉያው በመጋዘኑ በሙሉ አስተጋባ።

ጋሼ ተክሌ መዶሻና መፍቻ ይዘው ሮጡ። ከታዳሚው ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ ላለመሳቅ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ያን ጊዜ እትዬ ማይክራፎኑን ወሰዱ።

«ተረጋጉ፣ ባለቤቴ ያወጣቸዋል። እሱም እኛ በሠራነው አልጋ ወድቆ ያውቃል» አሉ። ዳግም «እማ!» አለ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። የበሩን ማጠፊያ፣ የነርሷን እርግማን፣ የገዛ አሜናቸውን፣ ሁሉንም ተናገሩ። ሳቁ መጋዘኑን ሞላው፤ ከተጣጠፈው አልጋ ውስጥ ሳይቀር የታፈነ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ የእትዬ ድምፅ ተለወጠ።

«የዚህ አልጋ ማዞሪያ ጥርሱ አዲስ ነው። ረከሰ ብለን ከማናውቀው ሰው ገዛነው። ሥራው ስለበዛ፣ ጉልበቴንም ስለሚያመኝ፣ እነዚህን አዳዲሶቹን አልተኛሁባቸውም። ዛሬ ጤነኛ ሰው ነው የተያዘው። በሽተኛ ቢሆንስ? ይህ ማዞሪያ ያለበትን የሸጥነውን አልጋ ሁሉ ከነገ ጀምሮ እንሰበስባለን።»

ይህን ጊዜ ጋሼ ተክሌ ማዞሪያውን ፈቱትና አቶ መኮንን በአንድ ጊዜ ተዘረጉ። ተነስተው ኮታቸውን አራገፉ። ወገባቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ዳግም ሪባኑ ሥር ቁጭ ብሎ፣ «አለቀልን» አለ።

በማግስቱ አይሱዙ ተከራይተን ተነሳን። የድሮውን፣ ደህናውን ማዞሪያ የያዙ አልጋዎች ጭነናል፤ አንዱን ሰጥተን አንዱን እንወስዳለን። ክሊኒኮቹ ጋ ነገሩን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አንዱ ንብረት ክፍል «ከፍለናል እኮ!» ብሎ በሩን ሊዘጋብን ምንም አልቀረውም። ዳግም መጀመሪያ አኩርፎ ከሾፌሩ ጎን ነበር የተቀመጠው። ሁለተኛው ክሊኒክ ላይ ግን አንድ እግሩ በጀሶ የታሰረ ልጅ የተኛበትን አልጋ ማዞሪያ ራሱ ሞከረው፤ ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳግም ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ኮቱን አውልቆ ከኛ ጋር መሸከም ጀመረ፤ ጫማውንም ሁለተኛ ሲጠርገው አላየሁም።

አንድ ሆስፒታል ግን እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አዛውንት ከአልጋቸው አልነሳም አሉን።

«ይሄ አልጋ ገደ ቀና ነው። ስመጣ ለመሞት ነበር የመጣሁት፤ እዚህ ላይ ነው እህል የቀመስኩት» አሉ፤ በሁለት እጃቸው መከላከያውን ጨብጠው።

ነርሷ ለመነች፤ ዳግም ለመነ። በመጨረሻ እትዬ ጠጋ አሉና፣ «እማማ፣ እርስዎ አዲሱን ይሞክሩት። እኔ እዚህ ተኝቼ ቦታዎን እጠብቃለሁ። ካልተመችዎት ይመለሳሉ፤ ማንም አይነካብዎትም» አሏቸው።

«ይማሉ?»

«ልጄን!»

እማማ ጥሩነሽ እየተቆጡ ወደ አዲሱ ተዛወሩ፤ ወዲያው ደግሞ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እትዬ ቃላቸውን ጠብቀው አሮጌው ላይ ተኙ። ስንት ክሊኒክ ሲያካልሉ ደክሟቸዋል፤ እሳቸውንም እንቅልፍ ጣላቸው። እኛ ሌላ ክፍል ያሉትን አልጋዎች ስንጭን፣ ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሊጎበኝ ገባ። እግርጌው ላይ የተንጠለጠለውን የእማማ ጥሩነሽን ወረቀት አነበበ፤ የእትዬን ፊት አየ።

«እዩ እስቲ» አላቸው ተማሪዎቹን። «ከትናንት ወዲህ ሃያ ዓመት ነው የቀነሱት። ጥሩ እንክብካቤ ማለት ይህ ነው።»

ከዚያ የደም ግፊታቸውን ለካ። ፈገግታው ጠፋ። ደግሞ ለካ። እትዬ በክንዳቸው መታሰር ነቁ።

«ምንድን ነው? እኔ የአልጋው ባለቤት ነኝ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም!»

«እሺ እማማ፣ አልጋው የርስዎ ነው፤ ማንም አይወስደውም» አለ ሐኪሙ እያባበለ።

«እኔ ነኝ እንጂ የምወስደው! መኪና አቁሜያለሁ!»

ሐኪሙ ለተማሪዎቹ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግፊቱ ጭንቅላታቸውንም እየነካው ነው» ሲል እኔ በሩ ላይ ደረስኩ። ማንነታቸውን አስረዳሁት። ሐኪሙ በጣም ሳቀ፤ ሲጨርስ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ማንም ይሁኑ፣ በዚህ ግፊት ከዚህ በር አላስወጣቸውም። እስከዛሬ ራሳቸውን ስተው አለመውደቃቸው ይገርመኛል» አለ። እትዬ ዕድሜ ልካቸውን ሐኪም ቤት አልጋ ሲያስገቡ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ራሳቸውን ተመርምረው አያውቁም ነበር። ያ ቀን ብዙ ዓመት እንደጨመረላቸው ሐኪሙ ራሱ ኋላ ነግሮኛል።

አመሻሹ ላይ አየር ጤና ስንደርስ ጋሼ ተክሌ በሩን ከፈቱልን። የተጫነውን አዩ፤ እኛን አዩ።

«ዘነበችስ?»

ዳግም አንገቱን ደፋ። «አልጋውን አምጥተን እሷን ተውናት» አለ።

ጋሼ ተክሌ የመበየጃ ሽርጣቸውን እንደለበሱ መንገድ ወጥተው ላዳ ያዙ።

እትዬ ሆስፒታል በሰነበቱ ጊዜ ጨው ተከለከሉ፤ መነሳትም ተከለከሉ። መናገር ግን የሚከለክላቸው አልተገኘም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዳግም፣ ጋሼ ተክሌና እኔ ከበናቸው ተቀምጠናል። በሩ ላይ አቶ መኮንን ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል፤ ሌላው እጃቸው አሁንም ወገባቸው ላይ ነው። ዳግም ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ።

«እግዜር ይማርዎ» አሉ አቶ መኮንን። ቀጥለውም፣ «ከሌላ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ኮሚቴው በዋጋ ነው የወሰነው፤ አላሸነፋችሁም» አሉ።

ዳግም የወደቀውን ወንበር አንስቶ ተቀመጠበት። እትዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለመንገር ነው ብርቱካን ይዘው የለፉት?» አሏቸው።

«አይደለም።» አቶ መኮንን ፌስታሉን አስቀመጡ። «እናቴ ተኝተው ከቀሩ ከረሙ። የቤት አልጋ እየጎዳቸው ነው። አንድ አልጋ እንድትሠሩልኝ ነው የመጣሁት።»

«ካሸነፉት ሰዎች ለምን አይገዙም?» አለ ዳግም። ቅሬታው በድምፁ ያስታውቃል።

«ልጄ፣ እነሱ አልጋችን ተበላሽቶ አያውቅም ነው ያሉት። ሲበላሽ ምን እንደሚያደርጉ እንጃ። የናንተን ግን አይቻለሁ፤ ታጥፌበታለሁም» አሉ አቶ መኮንን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ወዲያው ወገባቸውን ያዙ።

እትዬ ሐኪሙ እንዳይነሱ ያዘዘውን ረስተው ቁጭ አሉ። ገዥ ሲያገኙ የሚያሳዩት የሻጭነት ፊት አይደለም፤ ኮስተር ብለዋል።

«እናትዎ በየትኛው ጎናቸው ነው የሚተኙት?»

«እ?»

«በግራ ነው በቀኝ? ማዞሪያውና መከላከያው እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

አቶ መኮንን እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አነሱ። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ከላያቸው ወረደ። «አላየሁም» አሉ።

«ይሂዱና ይዩ» አሉ እትዬ። «ግን በሩ ላይ ቆመው ሳይሆን አጠገባቸው ቁጭ ብለው።»

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰው መጡ። ክራቫት አላሰሩም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ይመስላሉ። ወንበር ስበው እትዬ አጠገብ ተቀመጡ።

«በግራቸው ነው። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው» አሉ። «ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ‹አንተ ስትገባ ሳላይህ እንዳታልፍ ነው› አሉኝ።»

እትዬ ቀና ብለው ባለቤታቸውን አዩ። ጋሼ ተክሌ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ተነሱ።